ሳጅን ወይስ ኪያ

ሮቤ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ መቅዲን ያውቃታል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርታለች። ተወልዳ ያደገችው ጎባ ነው። አባቷ ፍርድ ቤት ሲጽፉ የኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ እሷም እንደሳቸው ብዙ አትናገርም። የሰው ሕመም ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ትሰማለች፣ መድኃኒቱን ታወጣለች፣ አወሳሰዱን ሁለቴ ትነግርና ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች።

ባሏ ጅሩ የዲንሾ ልጅ ነው። የአይሱዙ ሾፌር ስለሆነ ከሲናና ስንዴ እየጫነ ሻሸመኔና አዳማ ያወርዳል፤ ከሳምንቱ የሚበዛውን መንገድ ላይ ነው። ቤታቸውን የሠሩት ከተማው አልቆ የስንዴ ማሳ በሚጀምርበት ዳር ነበር። ቦታው ሲመራላቸው ጭር ያለ መሆኑን ሁለቱም ወደውት ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሌቦች ገቡ። ልጆቹን የምትይዘው የጅሩ የአጎት ልጅ፣ ሽቶ የምትባለው፣ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ሶሲ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ከአራት ዓመት ወንድሟ ከለሊሳ ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ሁለት ሰዎች አጥር ሲዘሉ ማንም አልሰማም። ሶሲ ግን በመስኮት አየቻቸው። ወንድሟን ጎትታ አልጋ ሥር ገባችና እንዳያለቅስ አፉን በመዳፏ አፈነችው። ሰዎቹ ቴሌቪዥኑን ነቀሉ፣ የጋዙን ሲሊንደር ፈቱ፣ ቁም ሣጥኑን በረበሩ። አንደኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር አሰረ። ተረከዙ ከሶሲ ፊት አጠገብ ነበር። ለሊሳ ትንፋሽ ሲያጥረው የእህቱን መዳፍ ነከሰ። እጇን አላነሳችም።

ሰው አልተጎዳም፤ ጎረቤቱም ፖሊሱም ያሉት ይህንኑ ነው። «ዕቃ ይተካል፣ ልጆቹ መትረፋቸው ነው» አሉ። መቅዲም አሜን አለች። ሶሲ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ልጅ ሆነች። ክፍል ውስጥ በር ከተዘጋ ትጮሃለች። ድሮ የተወችውን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤት መሄድ ትታ መድኃኒት ቤቱ ትመጣለች፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እናቷ እስክትዘጋ ድረስ በሩን ታያለች። መዳፏ ላይ የወንድሟ የጥርስ ምልክት እየደበዘዘ ሄደ። እሷ አልተለወጠችም።

ውሻ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ጅሩ ነው። ጎባ ውስጥ የአባቱ ወዳጅ የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፣ ኦቦ ጫሊ የሚባሉ። ከሠራዊቱ ከወጡ ወዲህ የፈረንጅ ውሻ ያረባሉ። አንድ እሑድ አራቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ።

ኦቦ ጫሊ ሁለት ውሾች ግቢው ውስጥ ለቀው ጠበቋቸው። መቅዲ ብታይ ብታይ አልለያት አላቸው። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ሁለቱም ጆሯቸው ሽቅብ የቆመ፣ ፊታቸው ጥላሸት የተቀባ የመሰለ።

«አንድ ዓይነት ናቸው እንዴ?» አለች።

«ይመስላሉ እንጂ አይደሉም» አሉ ኦቦ ጫሊ። «ይሄ ቀጠን ያለው፣ ጀርባው ቀጥ ያለው፣ ቤልጂየም ነው። ሳጅን እንለዋለን። ያቺ ከወገቧ ዝቅ ያለችው፣ ጠጉሯ የበዛው፣ ጀርመን ናት። ኪያ ትባላለች፤ በኦሮምኛ የኔ ስትል ልጄ ነች ያወጣችላት።»

«በጠባይስ?» አለ ጅሩ።

«ኪያ ትጠብቃለች። ሰው ካልመጣ ትተኛለች፤ ከመጣ ትነሣለች። ሳጅን ደግሞ ሠራተኛ ነው። ሥራ ካልሰጠኸው ራሱ ሥራ ይፈልጋል።»

«ከልጅ ጋር እንዴት ናቸው?» አለች መቅዲ።

«ሁለቱም ከልጆቼ ጋር ነው ያደጉት።»

የኦቦ ጫሊ ልጆች ትልልቅ መሆናቸውን መቅዲ ያወቀችው ኋላ ነው። ያን ቀን አልጠየቀችም።

ይህን እያወሩ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ሳጅን ድምፅ ሳያሰማ ከግቢው መሐል ተነሥቶ በሩ ሥር ደረሰ፤ እንዴት እንደደረሰ እንኳ አላዩትም። ሰውነቱ ተወጥሮ፣ ጆሮው ወደፊት ሆኖ ቆመ። ኪያ ሁለቴ ጮኸችና ከጌታዋ እግር አጠገብ መጥታ ቆመች። ባጃጁ ሲሄድ ተመልሳ ተኛች። ሳጅን ግን ከበሩ አልተነቃነቀም።

ሶሲ እስከዚያች ደቂቃ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ነበር። ለቀቀችውና ወደ ሳጅን ሁለት እርምጃ ሄደች።

«እሱን» አለች።

ጅሩ ሚስቱን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳት።

«ለሊሳን ታውቂዋለሽ» አላት። «ሲሮጥ የሚውል ልጅ ነው። የተረጋጋችዋ ትሻለናለች።»

«የተረጋጋችው ሁለቴ ጮኻ ተኛች።»

«መጮኋ ይበቃል። ሌባ የሚሸሸው ጩኸቱን ነው።»

«አንተ መንገድ ላይ ነህ ጅሩ። ጠዋት በሩን ዘግቼ ስወጣ ምን እንደሚሰማኝ አታውቅም። ልጅቷን እያት እስቲ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ስትፈልግ አይተሃታል?»

ጅሩ ልጅቷን አየ። ሶሲ ከውሻው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ፣ እሱ በሩን እንደሚያይ እሷም በሩን ታያለች። «ዲሲ፣ እሺ» አለ፣ ነገር ሲተው በኦሮምኛ እንደሚለው፤ ተዪው ማለቱ ነው። ሳጅንን ይዘው ተመለሱ።

ጅሩ ከመሄዱ በፊት ከጣውላና ከሽቦ ወንፊት የውሻ ቤት ሠራለት፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት ሰፊ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሶሲ አልጋዋን ማርጠብ ተወች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። በረንዳ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ሳጅን ከጎኗ ይቀመጣል፤ እሷ ደብተሯን፣ እሱ በሩን። በማሳው መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን መቅዲ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ባዶ ካርቶን አየችና ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር።

የለሊሳን ነገር መጀመሪያ የነገረቻት ሽቶ ናት። ልጁ ከበሩ ወደ ማድ ቤት ሲሮጥ ሳጅን ዞሮ ቀደመው፣ ከበበው፣ የሹራቡን እጅጌ በጥርሱ ያዘና መሬት ላይ ጣለው። አልነከሰውም፤ እንደ ጥጃ መለሰው እንጂ። ለሊሳ የመጀመሪያውን ቀን ሣቀ። በማግሥቱ ሲደገም አልሣቀም። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ግቢውን ማየት ለመደ። ውሻው ታስሮ እንደሆነ ይጠይቅና ታስሯል ሲሉት እንኳ ቀስ ብሎ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ይሄዳል።

መቅዲ የተቀደደውን እጅጌ ሰፋችና ሹራቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ከታች አደረገችው። ኦቦ ጫሊ ጋ ደወለች።

«ሥራ ስጪው» አሏት። «ጠዋት ጠዋት አሩጪው። ሲደክመው ልጁን ይተዋል።»

እሷም ሞከረች። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ በስንዴው መሐል ባለው መንገድ ይዛው ትወጣለች። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሳጅን ሲጎትታት ትከሻዋ የሚነቀል ይመስላታል። ቤት ስትመለስ እሷ ወድቃለች፣ እሱ ገና አልጀመረም። የበልጉ ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ጭቃ ሆነና በየቀኑ የነበረው በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ከዚያም ቀረ።

ጅሩ በስልክ «ልጆቹስ?» ይላታል።

«ደህና ናቸው። ሶሲ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትተኛው።»

«ለሊሳስ?»

«ደህና ነው፤ ያው እንደምታውቀው ነው።»

ያልነገረችውን እያወቀች ስልኩን ትዘጋለች። ግን ምን ትበል? ውሻው ይመለስ ካለች ሶሲ ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች። ይቆይ ካለች ትንሹ በገዛ ግቢው ጥግ ለጥግ ይሄዳል። ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝታ ፊታቸውን ስታይ የአንዱን ሰላም ከሌላው ቆርሳ እየሰጠች ያለች ይመስላታል። ነገ እወስናለሁ ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ ለሊሳ ጸጥ ብሏል፤ «ከሰዓት ከሰዓት ድምፁ አይሰማም» አለች ሽቶ። መቅዲ ልጁ ውሻውን ለመደው ብላ ተጽናናች።

ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች መንገዱ ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ አጥሩን ተሻግሮ መቅዲ ግቢ ወደቀ። ከልጆቹ አንዱ ዳግማዊ ነበር፣ የቅርብ ጎረቤታቸው የአቶ ፍቅረየሱስ ልጅ፤ አሥር ዓመቱ ነው። ከድሮ ጀምሮ እንዳደረገው በሩን ገፋ አድርጎ ኳሱን ሊያመጣ ሮጠ። ሳጅን ሳይታሰር ሶሲ ጠጉሩን እያበጠረችው ነበር። «ሳጅን፣ በቃ» አለች። ውሻው ለቀቀ። ግን የለቀቀው የልጁን ክንድ ከያዘ በኋላ ነበር።

ልጁን ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ባጃጅ መንገዱ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ስለነበር አቶ ፍቅረየሱስ እዚያው አስቆመው። ሲናና እርሻ ምርምር የሚሠራ፣ ሰላምታው እንኳ የተቆጠበ ሰው ነው። ልጁን ታቅፎ ገባ። መቅዲ ገና ስታያቸው ገባት። ምንም ሳትጠይቅ ዳግማዊን ወደ ቧንቧው ወሰደችና ክንዱን በሳሙና ታጥበው ጀመር። ጃኬቱ የውሻውን ጥርስ ባያበርደው ኖሮ ከዚህ ይብስ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሥጋው ተተርትሯል። ልጁ ጥርሱን ነክሷል። ውኃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

«ውሻው ተከትቧል?» አለ አቶ ፍቅረየሱስ ከኋላዋ።

«ተከትቧል። ዲንሾ፣ ለቀይ ቀበሮዎቹ ሲባል የአካባቢው ውሻ ሲከተብ፣ ኦቦ ጫሊ ወስደው አስከትበውታል።»

«አይተሻል?»

«ነግረውኛል።»

ሰውየው አያት። ያ አስተያየት ከስድብ ይልቅ ከበዳት። ልጁን ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄደ። እሷ ኦቦ ጫሊ ጋ ደውላ «አሁኑኑ ይምጡ» አለችና መድኃኒት ቤቱን ዘግታ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የቀበሌው ሚሊሻ ሙለታ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ብዙም ሳይቆይ አቶ ፍቅረየሱስ ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ ተመልሶ መጣ። ሸሚዙ ላይ ደም አለ።

«መቅዲ፣ ጎረቤት ነን» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ስትዘረፉ አጥራችሁን በእጄ ነው የጠገንኩት። ይህ ውሻ ግን ዛሬውኑ ይገደላል።»

«አቶ ፍቅረየሱስ፣ ቢገደል ለዳግማዊ ነው የሚብሰው። የነከሰ ውሻ ታስሮ ነው የሚታየው፤ በሽታ ካለበት በጥቂት ቀን ውስጥ ይታወቃል። ለሐኪሙ ይጠቅማል።»

«የት ታስሮ?»

ዓይኗ ወደ ግቢው ሄደ።

«እዚህ ታስሮ? ነገም ልጄ በዚህ በር እንዲያልፍ? ያንቺን ልጆች ለመጠበቅ የኔ መነከስ አለበት?»

በዚህ መሐል ሽቶ ከግቢው ወጥታ የመቅዲን ክንድ ያዘች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሶሲ ውሻው ቤት ገብታለች» አለች። «በሩን ከውስጥ አስራዋለች። ውሻው ማንንም አያስጠጋም።»

መቅዲ ወደ ጓሮ ሄደች። ሰዎቹ ተከትለዋት ገቡ። ሶሲ ከወንፊቱ በስተኋላ ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የበሩን መቀርቀሪያ በራሷ ሻርፕ ደጋግማ ቋጥራዋለች። ሳጅን ከፊቷ ቆሟል። እንደዚያ ሲሆን መቅዲ አይታው አታውቅም፤ ከንፈሩ ተሸብሽቦ ጥርሱ ይታያል፣ ከደረቱ የሚወጣው ድምፅ ጣውላው ላይ ይሰማል። ሙለታ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ውሻው ጠመንጃውን አይቶ ወደ ልጅቷ ይበልጥ ተጠጋ።

«ልጅ ባለበት አልተኩስም» አለ ሙለታ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ግን መልሶ አላነገተውም።

«ሁላችሁም ውጡልኝ» አለች መቅዲ።

«ዘሎ ቢይዛትስ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እሷን አይነካትም። ውጡልኝ አልኳችሁ።»

የተነቃነቀ የለም። ለሊሳ በመስኮት ያያል፤ አፉ ተከፍቷል፣ አያለቅስም። መቅዲ ቀስ ብላ ወደ ወንፊቱ ተጠጋችና ተንበረከከች። ማጉረምረሙ ጨመረ። ጠዋት ያበላችው ውሻ እንደማያውቃት ሆኖ ያያታል።

«ሶሲ፣ ክፈቺልኝ የኔ እናት።»

«ባለጠመንጃው ይሂድ።»

«ይሄዳል። መጀመሪያ እኔ ልግባ።»

«አትግቢ። ትሰጪያቸዋለሽ።»

መቅዲ እጇን በወንፊቱ ቀዳዳ አስገብታ የሻርፑን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። የሳጅን አፍንጫ መጣ። ትኩስ ትንፋሹ ጣቷ ላይ ይሰማታል። ቋጠሮው በእርጥበት ጠብቋል፤ ጥፍሯ ገብቶ ይወጣል። ከኋላዋ የጠመንጃ ብረት ቀጭ ሲል ሰማች። ዞራ አላየችም። አንዱ ቋጠሮ ተፈታ፣ ሌላ ከሥሩ አለ። እሱም ተፈታ። በሩን የምትገባበትን ያህል ብቻ ከፍታ ገባችና ከኋላዋ ዘጋችው፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ውሻው በእሷና በልጇ መካከል ቆሞ ቀረ። ዓይኑን አላየችም፤ መሬት መሬት አየች።

«አንቺ ነሽ የመረጥሽው» አለች ሶሲ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ እንድትተኚ ብዬ ነው። ለሊሳ ግን አሁን ይፈራዋል። ሹራቡን ሲቀድበት አይቼ ዝም አልኩ።»

«ለሊሳን እኮ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለች ሶሲ፤ ይህን ስትል ድምፏ ከፍ አለ። «ከትምህርት ቤት ስመጣ ሽቶ ሳታይ መኝታ ቤት አስገባዋለሁ። ካልሮጠ ሳጅን ምንም አይለውም። ውጪ ልውጣ ብሎ ሲጮህ አፉን እይዘዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምይዘው። አንቺ ከሰማሽ ሳጅንን ትመልሺዋለሽ።»

 የዝናቡ ቀን፣ አልጋው ሥር፣ ሁለቱ ልጆች ታዩዋት። ያ ቀን ያለፈ መስሏት ነበር። ከሰዓት ከሰዓት በቤቷ ውስጥ ሲደገም ከርሟል፣ አንድ ሌባ እንኳ ሳይገባ።

«ሶሲ» አለች፣ «ወንድምሽን የምትጠብቂው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። አንቺንም እኔ ነኝ።»

«አንቺ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

  ውሻው ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ። ማጉረምረሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

«ይገድሉታል?» አለች ሶሲ።

«እኔ እያለሁ አይገድሉትም። ግን እዚህ አያድርም።»

ሶሲ ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው። ሌቦቹ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሕፃን፣ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ሳጅን ግራ ተጋብቶ ዞረና ጆሮዋን ላሰ። መቅዲ በጉልበቷ እየዳኸች አለፈችውና ልጇን ያዘች። ከወንፊቱ ውጪ አቶ ፍቅረየሱስ ይህን ሲያይ ቆይቶ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ውጡ» አላቸው። «ሙለታ፣ አንተም ና።» ጓሮው ባዶ ሆነ።

ኦቦ ጫሊ ሲደርሱ እናትና ልጅ እዚያው ጭቃው ላይ ነበሩ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ሳጅንን በስሙ ጠሩት፤ ወደሳቸው ሄደ። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አስገቡለት። የክትባቱን ካርድ ይዘው መጥተው ነበርና ለአቶ ፍቅረየሱስ ሰጡት። እሱ አንብቦ፣ ወደ ሆስፒታል ልውሰደው ብሎ ኪሱ ከተተው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ኦቦ ጫሊ ለመቅዲ። «ልጁ አራት ዓመቱ መሆኑን አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች።

ጅሩ በማግሥቱ ጭነቱን ሻሸመኔ ለሌላ ሾፌር አስረክቦ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የተሰፋውን ሹራብ አውጥታ አሳየችው። ነግሬሽ ነበር አላላትም። እጅጌውን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና ከለሊሳ ጋር ኳስ ሊጫወት ወጣ። ልጁ ግን ግድግዳውን ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ውሻው እንደሌለ ቢነግሩትም።

ሁለቱም አብረው ዳግማዊን ሊጠይቁ ሄዱ። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የእብድ ውሻ ክትባቱም ለጥንቃቄ ተጀምሮለታል። የልጁ እናት ተነሥታ ተቀበለቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው። አቶ ፍቅረየሱስ ግን ሲሄዱ በር ድረስ አልሸኛቸውም። ሳጅን ጎባ ታስሮ ሲታይ ሰንብቶ ጤነኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ ኦቦ ጫሊ ሲናና ውስጥ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነሮች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ሰጡት። ዘበኛው ይዞት ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል።

ሶሲ ወደ ካርቶኗ ተመለሰች። መቅዲ የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ ሆነ። አልጋውም እንደገና መርጠብ ጀመረ። ጅሩ ኪያን እናምጣ ሲል መቅዲ እንቢ አለች፤ ከእንግዲህ ውሻ የሚባል አልፈልግም አለች። በመጨረሻ ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። ከአሠሪዋ ጋር ተነጋግራ ጠዋቱን ብቻ መሥራት ጀመረች። ደሞዙ ቀነሰ፤ ጅሩ አልተቃወመም። ከሰዓት ሶሲን ከትምህርት ቤት ትቀበላትና አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ በሩን አብረው ይከፍታሉ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አብረው ያያሉ። አልጋው ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብለው ያያሉ። ለሊሳም አብሯቸው ጎንበስ ይላል፤ ለሱ ጨዋታ ነው።

ኪያ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። መቅዲ ብቻዋን ጎባ ሄዳ ግማሽ ቀን ከውሻዋ ጋር ተቀመጠች። የኦቦ ጫሊን ጎረቤት ትንንሽ ልጆች ግቢው ውስጥ አስሮጠች። ኪያ ራሷን አነሣች፣ አየቻቸው፣ መልሳ ጣለች። አንዱ ጭራዋን ሲረግጣት ተነሥታ ቦታ ቀየረች። መቅዲ እንደገና አስሮጠቻቸው። ልጆቹ እስኪደክማቸው።

ሶሲ ኪያን አልተቀበለቻትም። «እሷ አትረባም» አለች፤ ምግብ አልሰጣትም፣ አልነካትም አለች። ለሊሳ መጀመሪያ በመስኮት አያት፣ ከዚያ ከደፉ ላይ። ከብዙ ቀን በኋላ በግቢው መሐል በቀስታ አለፈ። ኪያ አልተነሣችም። ተመልሶ አለፈ፣ ፈጠን ብሎ። በሳምንቱ ይሮጥ ነበር።

ጅሩ አንድ ቀን ሶሲን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ሲናና ወሰዳት። ሳጅን ከዘበኛው ጎን ቆሞ ነበር። አወቃት፣ መጥቶ እጇን አሸተተ። ወዲያው አንድ መኪና በሩን ሲገባ ትቷት ሄደ። በመንገድ ላይ አባቷ እንዴት ነው አላት።

«ሥራ አለው» አለች። 

ያ ከሆነ ከወር በኋላ ይሆናል፣ መቅዲ ልብስ እያሰጣች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ኪያ ተነሥታ ሁለቴ ጮኸች። መቅዲ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትሄድ ሶሲ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ቀድማት ወረደች። ከበሩ ራቅ ብላ ቆመችና «ማን ነው?» አለች። 

«ዳግማዊ ነኝ። ኳሳችን እናንተ ጋ ገብታለች።»

ሶሲ ዞር ብላ እናቷን አየች። መቅዲ ባለችበት ቆመች። ሶሲ የኪያን የአንገት ቀበቶ ያዘች፣ ስትነካት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይዣታለሁ» አለች። «ቆይ፣ አትግባ። ለሊሳ ያመጣልሃል።»

ለሊሳ እየሮጠ ሄዶ ኳሷን ከጎመኑ መሐል አወጣት።